ቀለሃ ለቃሚዋ ወይዘሮ ሰርክአዲስ ገበየሁ (1950–2018 ዓ.ም.)

ወይዘሮ ሰርክአዲስ ገበየሁ ከአባታቸው ከአቶ ገበየሁ ደስታ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሙሉጌጥ አየለ ጥር 12 ቀን 1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ የካ ተራራ ሥር ተወለዱ። ዕለቱ የሚካኤል ታቦት ከጥምቀተ ባሕር ወደ መንበሩ የሚመለስበት ነበር። እናታቸው በሕይወት ሳሉ፣ “ልጂቱ እልልታውን ሰምታ መቀመጥ አቅቷት ነው የወጣችው” እያሉ ይቀልዱ ነበር። ቀልዱ ቀልድ ሆኖ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ወይዘሮ ሰርክአዲስን አንድ ቦታ ረግተው እንዲቀመጡ ያደረጋቸው ሰው አልተገኘም።

ትምህርታቸውን እስከ ስምንተኛ ክፍል እዚያው የካ ተከታተሉ። መምህራቸው ሁልጊዜ በር አጠገብ ያስቀምጧቸው ነበር ይባላል፤ በየሰበቡ መውጣታቸው ስለማይቀር፣ ሲወጡ ሌላውን ልጅ እንዳያስነሱ ነው። በኋላም የልብስ ስፌት ሥራ ተቀጥረው ሞክረው ነበር። ሥራው ተቀምጦ የሚሠራ በመሆኑ ብዙ አልቆዩበትም።

በ1972 ዓ.ም. ከነሐስ አቅላጩ ከአቶ ሀብቶም ተክለብርሃን ጋር ትዳር መሥርተው ምሥጋናን እና ናኦልን አፈሩ። አቶ ሀብቶም ደጋግመው ካልጠሯቸው ቀና የማይሉ፣ እጅግ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ጎረቤቱ ይህ ትዳር ዓመት አይደፍንም ብሎ ነበር። ይኸው እስከ ዛሬ ዘለቀ።

አቶ ሀብቶም በጓሯቸው ነሐስ እያቀለጡ መስቀል፣ ቃጭልና የአንገት ጨሌ ይሠሩ ነበር። ነሐሱ የሚገኘው ከቤታቸው በላይ፣ የእንጦጦ ተዳፋት ላይ ካለው የዒላማ ተኩስ ሜዳ ነው። የሜዳው ኃላፊ አቶ ሂርጳ፣ ጥይት ከተተኮሰ በኋላ መሬት ላይ የሚቀረውን ባዶ ቀለሃ የአካባቢው ሴቶች እንዲለቅሙ ፈቅደው ነበር። ወይዘሮ ሰርክአዲስም በ1986 ዓ.ም. ከታናሽ እህታቸው ከወይዘሮ አምለሰት ገበየሁ ጋር ለቀማውን ጀመሩ።

መጀመሪያ ላይ ሜዳው ግፊያ ነበር። ተኩሱ ሳያበቃ የሚሮጥ፣ ከተኳሹ እግር ሥር የሚሻማ፣ ትኩስ ቀለሃ ጨብጦ የሚጮህ አይጠፋም። ሥርዓት ያበጁለት ወይዘሮ ሰርክአዲስ ናቸው። ተኩስ መኖሩን የምታመለክተው ቀይዋ ባንዲራ ሳትወርድ ማንም ከአጥሩ አያልፍም። ተኳሹ ለራሱ የሚሰበስብ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ ሰላም ይባላል፣ ቀጥሎ ይጠየቃል፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚጎነበሱት። ጓደኛ በያዘችው መስመር አይገባም። ነፍሰ ጡር ከዛፉ ጥላ በኩል ትለቅማለች፤ ያን ቦታ ማንም አይሻማባትም። ከሁሉም በላይ ደግሞ የእያንዳንዱ ቀለሃ አፍ ይታያል። እርሳሱ አናቱ ላይ ከተገኘ ያልተተኮሰ ጥይት ነውና፣ እጅ ሳይነካው አቶ ሂርጳ ይጠራሉ። ያልታየ ቀለሃ ከሌላ ሰው ቀለሃ ጋር አይቀላቀልም።

አዲስ ለቃሚ መጥታ ስትጣደፍ ካዩ፣ “እናቴ፣ ቀስ! ነሐሱ የትም አይሄድብሽም፤ እንዲህ ከሆንሽ የምትሄጂው አንቺ ነሽ” ይሏት ነበር። ራሳቸው እግራቸውን እያቀያየሩ፣ ነጠላቸውን እየፈቱ እየቋጠሩ፣ አጥሩ ጋ መከራቸውን ያያሉ። አንድ እርምጃ ግን አልፈው አያውቁም።

በሐምሌ 2004 ዓ.ም. ለቀማው ሊያበቃ ሲል ከእንጦጦ ዝናብ ወረደ። ወይዘሮ ሰርክአዲስ መጠለልና መጠበቅ አልሆነላቸውም፤ “ነይ፣ ነይ፣ ቶሎ በይ” ብለው የእህታቸውን ቀለሃ በራሳቸው ከረጢት ውስጥ ገለበጡና አንድ ላይ ተሸክመው ወረዱ። በማግስቱ አቶ ሀብቶም ቀለሃውን ማቅለጫው ውስጥ ሲጨምሩት አንድ ያልተተኮሰ ጥይት ፈነዳ። የቀለጠው ነሐስ ተፈናጥሮ ቀኝ ዓይናቸውን አጠፋው።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ወይዘሮ አምለሰት፣ “እኔ የኔን አይቻለሁ” አሉ። ወይዘሮ ሰርክአዲስም፣ “እና እኔ ሳላይ ነው?” ብለው መለሱ።  ቀለሃው ባይቀላቀል ኖሮ ጥይቷ የማን እንደሆነች ይታወቅ ነበር። አንድ ቤት ያደጉ እህትማማቾች በዚህ ተቆራረጡ። ነገሩ ዛሬም ያንገበግበናል።

አቶ ሀብቶም አንድም ቀን የማን ጥይት ናት ብለው አልጠየቁም። “ዓይኔን አጥቻለሁ፤ እናንተንስ ለምን አጣለሁ?” ብለው ሽማግሌ ልከው ነበር፤ አልተሳካም። ወይዘሮ አምለሰት የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ሄዱ። ወይዘሮ ሰርክአዲስም ከመገናኛ ሚኒባስ እየተሳፈሩ፣ የእህታቸውን ብሎክ ከሩቅ እያዩ ይመለሱ ጀመር። ምሥጋና፣ “እማዬ፣ የት ጠፍተሽ ነው?” ስትላቸው፣ “ነፋስ ልቀበል ወጥቼ” ይላሉ። እንጦጦን የሚያህል ተራራ ጀርባው ላይ እያለ፣ ነፋስ ፍለጋ የካ አባዶ ድረስ የሚሄድ ሰው አይተን አናውቅም። 

አቶ ሀብቶም ማቅለጡን ቢያቆሙም ወይዘሮ ሰርክአዲስ ወደ ሜዳው መውጣቱን አልተዉም። መልቀም ትተው የለቃሚዎቹን ከረጢት እያዘረገፉ አንድ በአንድ ያዩ ነበር። አቶ ሂርጳ፣ “እትዬ ሰርክአዲስ፣ ተዉ እንጂ፣ ታይቷል እኮ” ቢሏቸው፣ “ታይቷል የተባለው ነው ዓይን ያጠፋው” ብለው ከአፋቸው ይነጥቋቸዋል። ሴቶቹ ሲያማርሩ ሰምተናል፤ ሲሰናበቱ ግን ጉልበታቸውን ስመው ነው። በዕድራቸውም ቢሆን ያው ነበሩ፤ የተተከለ ድንኳን ፀሐይ ያስገባል ብለው ያስነቀሉበት ጊዜ አለ።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆዩ። ሆስፒታልም ተኝተው አልጋቸውን ሲያስዞሩ ነርሶቹን አሰልችተዋል። ባለፈው ጥቅምት ምሥጋና ደውላ ጠርታቸው ወይዘሮ አምለሰት ሊጠይቋቸው መጡ። ሁለቱም ስለ ልጆች፣ ስለ ትራንስፖርት፣ ስለ ክረምቱ መርዘም አወሩ። ዋናውን ነገር ሁለቱም ሳያነሱት ተለያዩ።

እህታቸው ከወጡ በኋላ ወይዘሮ ሰርክአዲስ ምሥጋናን ጠርተው፣ “የሕይወት ታሪኬ ሲነበብ፣ ያቺ ጥይት ከሰርክአዲስ ድርሻ የወጣች ናት በሉ” አሏት።

“እማዬ፣ ይህን እኮ አታውቂም” አለች ምሥጋና።

“አላውቅም። እሷም አታውቅም። ይኸው ሁለታችንም ስንቅበዘበዝ ኖርን። እኔስ መሄዴ ነው፤ እሷ ትረፍ።”

ይህን ማንበብ ይገባል አይገባም ብለን በቤተሰብ ተከራክረናል። ያልታወቀ ነገር በሕዝብ ፊት እንዴት ይነበባል ያልን ነበርን። ክርክሩን የቆረጡት አቶ ሀብቶም ናቸው፤ “እሷ ያለችውንም እናንተ የምታውቁትንም አንብቡ” አሉ። ስለዚህ ወይዘሮ ሰርክአዲስ፣ ጥይቷ የእኔ ናት ብለዋል። እኛ የምናውቀው ደግሞ የማን እንደነበረች የሚያውቅ እንደሌለ፣ አቶ ሀብቶምም በማንም ቂም እንዳልያዙ ነው።

ወይዘሮ ሰርክአዲስ ገበየሁ ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ67 ዓመታቸው፣ ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዙ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸው አቶ ሀብቶም፣ ልጆቻቸው ምሥጋናና ናኦል፣ የልጅ ልጆቻቸው እንዲሁም እህታቸው ወይዘሮ አምለሰት ከኀዘናቸው ጋር ቀርተዋል። ለቀብር የመጣችሁ፣ ድንኳን ተክላችሁ ያስተዛዘናችሁን ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልን።

አክስታችን እትዬ አምለሰት፣ ከኋላ ከየካ አባዶ ጎረቤቶችዎ ጋር እንደሚቀመጡ እናውቃለን። ከአቶ ሀብቶም በስተቀኝ ያለው ወንበር የተተወው ለእርስዎ ነው። እርስዎ መጥተው እስኪቀመጡ ድረስ ጸሎቱ አይጀመርም።

ለእህትዎ እግዚአብሔር በዚህ ዓለም ያላገኙትን ዕረፍት ይስጥልን። ለእርስዎም።