ገዳዩን አንቺ ንገሪልኝ

ጥቂት ላሳቅኩሽና ብዙ ላበሸቅኩሽ እህቴ ሰመረት፤ እንደምን ሰነበትሽ? ብርድ ሲነካሽ የሚነሣብሽ ሳል ተወሽ? የእማዬ ጉልበትስ? ልጆችሽስ አጎታቸውን ከመምሰል ተርፈዋል? እኔ ከጠባዬ በቀር ደህና ነኝ፤ ፔርሜሶዬም፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ለሁለት ዓመት ታድሶልኛል።

አሎራ፣ እንግዲህ፣ የምጽፍልሽ ግራ ገብቶኝ ነው። የሟች አባታችን ጓደኛ ጋሽ ኣብርሃ ዓይናቸውን ሞራ ከጋረዳቸው ወዲህ፣ ከሰዓት በኋላ እየሄድኩ ጃሎ አነብላቸዋለሁ። እዚህ የወንጀል ልብ ወለድ ጃሎ ነው የሚባለው። ጣልያንኛውን እያየሁ በአማርኛ እነግራቸዋለሁ፤ ያልገባኝን እየዘለልኩ። እሳቸው መጽሐፉ ሳይጋመስ ገዳዩን ያውቁታል። «ጥሩ ደራሲ ይደብቃል እንጂ አይዋሽም፤ ፍንጩን ፊትህ አስቀምጦ ሌላ ወሬ ያወራሃል» ይላሉ። ከዚያ ይስቁብኛል፤ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምረህ አንድ ገዳይ መያዝ ያቅትህ እያሉ።

ባለፈው ሳምንት ሰይጣን ሹክ አለኝ። ገዳዩ ፋርማሲስቱ ነው ብለው ነበር፤ ልክ ናቸው። እኔ ግን መጨረሻው ላይ ስደርስ ምግብ አብሳይዋ ናት ብዬ አነበብኩላቸው። የሚናደዱ መስሎኝ ነበር፤ አልተናደዱም። «ግድያው የተፈጸመ ሐሙስ ዕለት አብሳይዋ ናፖሊ እህቷ ዘንድ ነበረች ብለህ አላነበብክልኝም?» አሉ። አላነበብኩም ብዬ ካድኩ።

በማግስቱ ስሄድ መጽሐፎቹን ካርቶን ውስጥ ከተው፣ በገመድ አስረው ጠበቁኝ። ዓይኔ ቢሄድ አእምሮዬ ይቀረኛል ብዬ ነበር፣ እሱም ሄደ፣ ከእንግዲህ አታንብብልኝ አሉኝ። ጉልበታቸው ላይ ወድቄ ሁሉንም ተናዘዝኩ። ራሴን ዳበስ አደረጉና «ልታጽናናኝ መዋሸትህ ነው፤ ተባረክ» አሉኝ። ብምል ብገዘት ጭራሽ መረቁኝ። አየሽ ጉዴን? ዕድሜዬን ሙሉ ዋሽቼ ስታመን ኖሬ፣ አንድ ቀን እውነት ብናገር የሚያምነኝ ጠፋ። አሁን ወንጀለኛው ፋርማሲስቱ ይሁን እኔ፣ ተምታቶብኛል።

አንቺን ግን ያምናሉ፤ አባታችንን አንስተው የኣብሰሎም ልጅ ዋሽታ አታውቅም ይላሉ። ጣልያን ትምህርት ቤት የተማርሽውም አንቺ ነሽ። ስለዚህ የመጨረሻዎቹን ሁለት ገጾች ቀድጄ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። በስልክ ፎቶውን ብልክልሽማ፣ ያኔ ሠርቼ እንደላክኩልሽ ሐሰተኛ የሎተሪ ትኬት ነው ትያለሽ። አንብቢና ደውይላቸው። ለእኔ ይቅርታ አትለምኚልኝ፤ ገዳዩን ብቻ ንገሪያቸው። ካርቶኑ እስካሁን እንደታሰረ በራቸው ሥር ነው።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ቅዱስንና ኤሊዛን ጆሯቸውን ቆንጠጥ አድርጊልኝ። ለባልሽ ለአሸብር ሰላምታዬን አድርሺልኝና፣ ወደዚህ ስመጣ የጠፋበት የግራ ጫማ ቁም ሳጥኑ ጀርባ ነው በይው። ይኼም እውነት ነው፤ ሄዶ ይየው።

ወንድምሽ ተኽለብርሃን
ሮማኒና፣ ሮም
ኅዳር ፲፪ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.