ገብስ የጫነው አምቡላንስ

ለተከበሩ የወረዳችን ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ይህ ደብዳቤ እርስዎንም ቤተሰብዎንም በሙሉ ጤና እንዲያገኛችሁ፣ አምቡላንስ የሚያስጠራ ነገርም ከደጅዎ እንዲርቅ ከልብ እመኛለሁ።

አቶ ሣህሌ በመጋቢቱ ስብሰባ አምቡላንሱን ገብስ ጭኖ እንዳዩት ሲያወጉ እኔም አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ። ኩንታሉ ጋቢ ለብሶ አልጋው ላይ ተንጋሎ ስላገኙት፣ «ምጥ የያዛት መስሎኝ ማርያም ታውጣሽ አልኳት» ሲሉ ሁላችንም ሳቅን። እኔ አጨበጨብኩም። ነገሩ እውነት ነው፤ አንድ ቀን፣ አንድ ኩንታል።

እዚያው ሳቁ ሳይበርድ አምቡላንሱ ያለ ቀበሌ ማኅተም እንዳይንቀሳቀስ ስላዘዙ እያመሰገንኩ፣ የሚከተለውን በትሕትና አመለክታለሁ።

፩. ከአቶ ሣህሌ ቀጥላ አዋላጇ ሲስተር ናዝሬት ተነስታ፣ በዓመቱ መቶ አርባ ሦስት ወላዶች በዚያ መኪና አሰላ ደርሰው በሰላም መመለሳቸውን ከመዝገብ ስታነብ፣ እርስዎ ሰዓትዎን አይተው ሻይ እንዲቀርብ አዘዙ። አልፈርድብዎትም፤ በደህና የተመለሰ ሰው ወሬ አይወጣውም።

፪. ማኅተሙ የሚኖረው በሊቀመንበሩ በአቶ አስናቀ ኮት ኪስ ውስጥ ነው። ኮቱ ደግሞ ሐሙስ ሐሙስ ገበያ ይውላል። ባለፈው ሐሙስ የጎረቤቴ የዳባ ሚስት ወርቅቱ ኮቱን ስትጠብቅ መንገድ ዳር፣ ቃሬዛ ላይ ወለደች። እሷ ተርፋለች። ልጁን ቀበርነው። አምቡላንሱ ታጥቦ ጤና ጣቢያው ግቢ ቆሞ ነበር፤ አንዲት ፍሬ ገብስ አልጫነም፤ እንኳን ደስ አለዎት።

፫. ልጄ ኤፍራታ የመጀመሪያ ልጇን የወለደችው በኦፕራሲዮን ነው። ሁለተኛውን ቤት ማማጥ እንደሌለባት ሐኪሙ አስጠንቅቋታል። ቀኗ ደርሷል። አራተኛ ነጥብ የለኝም።

ስለዚህ ትእዛዙን እንዲያነሱልን፣ ይህ ክብርዎን የሚነካ ከሆነ ማኅተሙ ከኮቱ ወደ ጤና ጣቢያው እንዲዛወር፣ እሱም ከከበደ ለአንዲት ልጄ ብቻ ባዶ ወረቀት ላይ አስቀድመው እንዲያስመቱልኝ እለምንዎታለሁ።

ለቀልጣፋ ውሳኔዎ እጅ የምነሳ፣ በዚያን ቀን ሳቄ የማፍር
ጌትነት ዋቅቶላ፣ ጡረተኛ መምህር

ግልባጭ፦
ለአቶ አስናቀ ኮት፣ ባለበት

ማስታወሻ፦ የመቶ አርባ ሦስቱን እናቶች ስም ላያይዝ ነበር፤ እንደማያነቡት ስለማውቅ ተውኩት። ለሚቀጥለው ስብሰባ እኔም አንድ ታሪክ ሊኖረኝ ይችላል። እንደ አቶ ሣህሌ ማሳቅ ግን አልችልበትም።