በርበሬ የተጠቀለለበት ፊቴ

ይድረስ ለማንደፍሮ፣ ለልጄ አባት።

እንደምን ከረምህ ብዬ አልጠይቅህም። በሕይወት ሳለህም ስጠይቅህ ዓይንህን ከካሜራው ሳታነሣ ነበር ደኅና ነኝ የምትለኝ። ከተለየኸኝ ሰባት ወር አለፈ። ተዝካርህን ሸጋ አድርጌ አውጥቻለሁ፤ ካህናቱም ጎረቤቱም በልቶ ጠጥቶ ነፍስ ይማር ብሎ ሄዷል። እኔ ግን አልታረቅሁህም። ይህን እንድታውቅልኝ ነው የምጽፍልህ።

ቤቱን እንደሆነ፣ ፊልም የምታጥብበትን ጨለማ ክፍል ሽንኩርት አስገብቼበታለሁ። መስኮቱ ላይ የቸነከርኸውን ጥቁር ጨርቅ ገንጥዬ ጣልሁት። የመድኃኒቱ ሽታ ግን አልወጣም። ሽንኩርቱም ያንኑ ይሸታል፣ እኛም ያንኑ እንበላለን።

እዚህ ከተማችን ፒያሳ ብወጣ ሰው ሁሉ ያመሰግንህብኛል። ጣልያን ከወጣ ጀምሮ ካሜራ አንግቶ አገር ለአገር የዞረ፣ የድኻውን ሠርግ በነጻ ያነሣ፣ የተበደለውን ለጋዜጣ የጻፈ ይሉሃል። ውሸት አይደለም። ለአልማዝም ሸጋ አባት ነበርህ፤ ከመንገድ ስትመለስ ከቦርሳህ ከረሜላ ሳታወጣላት ጫማህን አታወልቅም ነበር። የወጋ ቢረሳ ግን የተወጋ አይረሳም።

የትውልድ አገሬ መካነ ብርሃን ተስቦ ገብቶ ወንድሜ ይርጋ የሞተ ጊዜ አብረን ነበር የሄድነው። አምባ ጊዮርጊስን አልፈን መንገዱ እስከሚያልቅ በማኪና፣ ከዚያ በበቅሎ። ገደሉን ስንወርድ እጄን ይዘህ፣ እንባዬን እየጠረግህ ነው ያደረስኸኝ። ለቅሶው ላይ ስንደርስ ግን ለቀቅኸኝና ካሜራህን አወጣህ። ፊቴን ነጭቼ ደም በደም ሆኜ፣ ነጠላዬ ወድቆ፣ አፌ ተከፍቶ ምራቄ ሲወርድ አነሣኸኝ። ሚስትህ ነበርሁ እኮ! ከወር በኋላ በጋዜጣ ወጣሁ። ባለሱቁ በርበሬ የጠቀለለልኝ በገዛ ፊቴ ነበር።

ስጮህብህ ምን አልኸኝ? "ለአገርሽ ሰዎች ሐኪም ያመጣላቸው ያንቺ ፊት ነው።" እውነት ነው፤ ጋዜጣው ከወጣ በኋላ ሐኪምና መድኃኒት ተላከላቸው፣ ብዙ ልጅ ዳነ። እናቶቻቸው ዛሬም ለገበያ ሲመጡ እጄን ይስማሉ። ምን ልበላቸው? እኔ የሰጠሁት ነገር የለም፣ ተወስዶብኝ ነው። ብትጠይቀኝ ምናልባት እሺ እል ነበር። አልጠየቅኸኝም።

አንተ ስትሞት ደግሞ ታናሽ ወንድምህ፣ የሌላው ሟች ጠመንጃ በለቅሶው ላይ እንደሚያዝ፣ ካሜራህን ከፍ አድርጎ ይዞ በለቅሶው መካከል ዞረ። ያ የካሜራው የመስታወት ዓይን መጥቶ ሲያፈጥብኝ እንባዬ ደረቀ። አስለቃሿ ስሜን እየጠራች ብትማጸነኝ ነጠላዬን እስከ አገጬ ተከናንቤ ዝም አልሁ። ለወንድሟ ፊቷን ነጭታ ለባሏ አንድ እንባ ነፈገች ብሎ አገሩ ሁሉ አማኝ። ይህም ያንተው ሥራ ነው።

ባለፈው ሳምንት ካሜራውን ከሳጥን አወጣሁት። ፊልም እንዳለበት፣ ብርሃን ካየም እንደሚቃጠል አውቅ ነበር። ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጬ ጀርባውን ከፈትሁና ፊልሙን እስከ ጫፉ መዘዝሁት። እሰይ አልሁ። እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ።

አልማዝ ከሥራ ስትገባ ፊልሙን ጭኔ ላይ አይታ መሬት ላይ ተቀመጠች። አልጋ ከያዝህ በኋላ፣ እኔ ቤተ ክርስቲያን በሄድሁበት አንድ ጠዋት፣ በዚሁ ካሜራ አንሺኝ ብለሃት ኖሯል። ጉንጭህ ጎድጉዶ፣ ምራቅህ በጢምህ ላይ እየወረደ። ልጥረግልህ ብትልህ ከለከልሃት። "ለእናትሽ ነው። እንደወደደች ታድርገው፣ ብትፈልግ ለጋዜጣ ትስጠው" አልሃት። ታጥቦ እስኪወጣ እንዳትነግሪያት ብለህ ስላስማልሃት፣ ፊልሙን ለማሳጠብ አዲስ አበባ የሚወስድላት ሰው እየጠበቀች ነበር።

ምነው ማንደፍሮ፣ አፍ አልነበረህም? ይህን ሁሉ ዓመት አንድ ጎን ተኝተን፣ አንድ ቀን በድዬሻለሁ ብትለኝ ምን ነበረበት? ይቅርታህንም በካሜራ! እኔም የማልረባዋ ሳላየው አቃጠልሁት። በማን እንደምናደድ እንኳ ጠፍቶኛል።

አሁን ያ ፊትህ ያለው እኔ ዘንድ ብቻ ነው። አልጋህ ሥር የከረምሁት እኔ ነኝና አውቀዋለሁ፤ የጎደጎደ ጉንጭህን፣ ስትተኛ የማይከደን ግራ ዓይንህን፣ እኔው በጨርቅ ስጠርገው የነበረውን ጢምህን። እስክሞት አልረሳውም፤ ለማንም አላሳየውም። ቂሜንም አብሬ እይዘዋለሁ፣ እሱም ያንተ ነው።

አልማዝ ሥራ ሄዳለች፣ በሩ ተዘግቷል፣ ካሜራህም ሳጥን ውስጥ ነው። ማንም አያየኝም። እንግዲህ ላልቅስልህ።

ሚስትህ ጥሩወርቅ