ለእንጨት ፈረሶች ስለተሰጠው ጉብታ

ሰኔ ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.
ቁሐር ሚካኤል፣ ፎገራ

ለተከበሩ ፊታውራሪ በላቸው፣
የወረታ መዝናኛ ሥፍራ አሠሪ ኮሚቴ ሊቀ መንበር፤

የክቡርነትዎን፣ የቤተሰብዎንና የአዲሱን ሽቦ አጥርዎን ጤና አጥብቄ እየጠየቅሁ፣ እኛ ውኃው እስኪመጣ ድረስ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና መሆናችንን በትሕትና እገልጻለሁ።

በሜዳችን መካከል ባለው ጉብታ ላይ ለሚከፈተው መዝናኛ የትኛው ኩባንያ ቢመጣ እንደሚሻል ሕዝቡ ሐሳብ እንዲሰጥ በገበያ ስላስነገሩ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ጉብታው ይታጠር አይታጠር ብለው ባለመጠየቅዎም ከብዙ ድካም አድነውናል።

፩ኛ. ከአሥመራ ይመጣል የተባለው የሰርከስ ኩባንያ አንበሳ አለው ይላሉ። መልካም ነው። ነገር ግን ወንዞቻችን ርብና ጉማራ በሐምሌ ሞልተው ሜዳውን ውኃ ሲያለብሱት ደረቅ ሆኖ የሚቀረው ያ ጉብታ ብቻ ስለሆነ፣ ከሽቦው ውስጥ አንበሳው፣ ከሽቦው ውጭ ውኃው ይጠብቀናል ማለት ነው።

፪ኛ. ሲኒማ ጎንደር ላይ ያየው የመንደራችን ልጅ አዛናው እንደነገረን፣ በጨርቅ ላይ መርከብ ሲሰምጥ ሰው ቁጭ ብሎ ያያል። ለዚህስ ኩባንያ መጥራት ባላስፈለገ። አምና ጎረቤቴ አንለይ ልጆቹንና ላሞቹን ጉብታው ላይ አውጥቶ፣ ለቀረችው ጥጃ ተመልሶ ጎርፉ ሲወስደው ሁላችንም ከላይ ቆመን አይተናል። ሚስቱ ወለተ ሐና እስከ ዛሬ ፊቷን ወደዚያ አታዞርም።

፫ኛ. እኔ የምመርጠው ልጆች ተቀምጠውባቸው የሚሽከረከሩትን የእንጨት ፈረሶች ነው። ሣር አይግጡም፣ አይወልዱም፣ ውኃ ቢመጣም ይንሳፈፋሉ። የወለተ ሐና ላሞች ይህ ጸጋ አልተሰጣቸውም። መሪዋ ላም ውኃው ሲሸታት ማንም ሳይነዳት ወደ ጉብታው ታቀናለች፤ ሌሎቹ ይከተሏታል፤ ልጆቹም ጅራት ይዘው ይከተላሉ። ዘንድሮም እንዲሁ ትሄዳለች። ሽቦው ዘንድ ስትደርስ ቆማ ትጠብቃለች፤ ከኋላዋ ያለው ውኃ ግን አይጠብቅም።

ክቡር ሆይ፣ ቧልቱን ልተወውና፣ እፈራለሁ። ጉና ላይ ደመናው ከብዷል፤ ርብም ደፍርሷል። የጉብታው አጥር በር ለክረምቱ ብቻ ይከፈት ብለን ሽማግሌ ብንልክ፣ ምረቃው ስለደረሰ ሣሩ እንዳይረገጥ ብለው መለሱልን። ለሣሩ ያለዎት ርኅራኄ ልባችንን ነክቶታል። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ በመዝናኛ ታጅቦ ሲወስድ ግን ገና ልናይ ነው።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜና ደረቅ እግር እየተመኘሁ፣ ከአጥርዎ ውጭ ቆሜ ለጥ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ታዛዥዎ
መሪጌታ ንብረት አያልነህ

ድኅረ ጽሑፍ፤ ከጉብታው ቀጥሎ ከፍ ያለው መሬት ወረታ ያለው የክቡርነትዎ ግቢ መሆኑን ሽማግሌዎቹ ተመካክረው ደርሰውበታል። ስለዚህ ወለተ ሐና ከማክሰኞ ጀምሮ መሪዋን ላም በደጃፍዎ እያመላለሰች መንገዱን እያስለመደቻት ነው። ባለቤትዎ እመት ጽጌሬዳ የተከሉትን አበባ ከወዲሁ ቢያነሡ እንለምናለን፤ ከብቱ ብዙ ነው፣ ልጆቹም አብረው ይመጣሉ። እነሱ የደረሱ ዕለት ከኋላቸው ምን እንደሚከተል ክቡርነትዎ ያውቃሉና፣ በሩን ባይቆልፉት ለእርስዎም ይሻላል።