መርከቧን ያቀናው ቦርጭ

ዱኑን፣ ስኮትላንድ

ብሥራቴ፣

ሃያ ዓመት ስንበይዳትና ስንቀባት የኖርነው የእንፋሎት መርከባችን ሌዲ ሞራግ ዛሬ ሰው ጫነች! የምትሄደው በግራና በቀኝ ጎኗ ባሉ ሁለት ትልልቅ መንኮራኩሮች ነው። አብሮን የተሳፈረው የመርከብ ደኅንነት ተቆጣጣሪ ፈቃዷን ካልፈረመ ግን ተመልሳ መገተሯ ነው።

ዱኑን ስንቃረብ የከተማው ሰው ሙዚቀኛ ይዞ ወደቡ ላይ ጠበቀን። ተሳፋሪው በሙሉ እጁን ሊያውለበልብና ፎቶ ሊያነሳ ወደ ግራ ግልብጥ አለ። መርከቧ ዘመመች፤ የቀኙ መንኮራኩር ከውኃ ወጥቶ አየር ይቀዝፍ ጀመር፤ እኛም እዚያው እንሽከረከራለን።

ሽማግሌው መካኒካችን ሄክተር ከሞተር ክፍሉ ብቅ አለ። "እናንተ ጉዶች! ሃያ ዓመት የለፋሁባትን ለአንድ ፎቶ ልትገለብጧት ነው? ወደ ቀኝ ጠጋ በሉ!" የመገናኛ ወያላ ቢሆን እንኳ ማን ሊሰማው! ይኼኔ አንዱን ግዙፍ ሰውዬ በጣቱ ጠቆመ። "አንተ ቦርጫሙ! ወደዚያ!"

ለካ ተቆጣጣሪው ነው። ሄክተር ከታች ስለሚውል አያውቀውም። ሰውዬው ስልኩን ኪሱ ከተተና ሄዶ ቀኝ ጥግ ተቀመጠ። ሌላውም አፍሮ ተከተለው፤ መርከቧ ቀና አለች። "እንዳትነሳ!" አለው ሄክተር። ተሳፋሪዎቹ ሴቶች እንዳይከሳብን ብለው ቀኑን ሙሉ ዓሣና ድንች ጥብስ ሲያጎርሱት ዋሉ።

እዚያው እንደተቀመጠ "ሚዛኗን በደንብ ትጠብቃለች" ብሎ ፈረመልን።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ፤ ሁላችሁንም ሳምኩ። ጋሼ ፍሬውን ሐኪሙ ክብደት ቀንስ ቢለው እንዳይሰማው በልልኝ፤ እዚህ ሥራ አግኝቼለታለሁ።

ገረመው