ሕመም የሚቀበለው አስማት ለማን ይሰጥ

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ። ከቀኑ 9 ሰ.

ዛሬም መጡ። ሦስተኛ ቅዳሜያቸው። ሳሎኔን ይዘው፣ በሩን ገርበብ አድርገው። ልጄ ምሕረት፣ አብራት ሆቴል የምትሠራው ሐያት፣ ፒያሳ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ሳምሶን። ሠላሳ ያለፋቸው ሰዎች ቁጥር የተጻፈበት ጠጠር ይጥላሉ። ቁማር ነው ብዬ ነበር፤ ብር የለም። ብር ከሌለ ምንድነው? እኔ ጠጠር ሲጥል የማውቀው ጠንቋይ ነው።

ጨዋታ ነው አለች ምሕረት። እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ይሆናሉ፤ ሳምሶን ታሪኩን ይመራል፤ ጠጠሩ ይወስናል። ሰማሁ። አላመንኩም።

አቶ ጴጥሮስ፣ አብሮኝ የቤ/ክ ሽማግሌ የሆነው ጎረቤቴ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤትህ ምን አለ ብሎኛል። የጸሎት ቡድን አልኩት። ዋሸሁ። በዚህ ዕድሜዬ።

ጥቅምት 10፣ ሰኞ። ጠዋት 2 ሰ.

ደብተሬ፣ ላንተ እንኳ አልዋሽም። ወረቀት ወሰድኩ። ሶፋው ሥር ወድቆ ነው፤ ቤቴ የወደቀ የኔ ነው። የምሕረት ጽሕፈት። መሠረተ ትምህርት ነው ያስቆጠረኝ፣ ቀስ ብዬ ነው የማነበው፤ ያነበብኩትን ግን አልስትም። እንዲህ ይላል። አዲስ አስማት። የታመመውን በእጅ መንካት። ሕመሙ ወደ ሌላ ያልፋል። ለማን እንስጠው? ለቄስ? ለተዋጊ? ለጠንቋይ?

ጭዳ ነው ይሄ። እኔ ባደግሁበት አገር ዶሮ በበሽተኛው ራስ ላይ ያዞሩና መንታ መንገድ ላይ ይጥሏታል፤ በሽታው በዶሮዋ ይሄዳል ይባላል። ሚስቴ አስቴር ልትሞት ወር ሲቀራት እኅቷ ቀይ ዶሮ ይዛ መጣች። ከበር መለስኳት። የቤ/ክ ሽማግሌ ቤት ጭዳ አይገባም አልኩ። አስቴር አልጋዋ ላይ ሆና ሰማች። ምሕረትም ሰምታለች።

አሁን ልጄ ያንን በጓሮ ልታስገባ ነው? ደግሞስ ማን ላይ ነው የሚያልፈው? እዚህ ቤት ያለነው እሷና እኔ ነን። ጉልበቴ ከቅዳሜ ወዲህ ይወጋኛል።

ጥቅምት 13፣ ሐሙስ። ከቀትር በኋላ።

ተጣላን። ወረቀቱን ፊቷ ዘረጋሁ። ይሄ ነገር ከቤቴ ይውጣ። መጀመሪያ ሳቀች፤ ፊቴን አይታ ተወች። አስማቱ የጨዋታው ነው፣ የሚታመመውም የጨዋታው ሰው ነው አለች። ማንን ታሞኚያለሽ አልኩ። እንግዲያው ጨዋታው ከወጣ እኔም እወጣለሁ አለች። ሐያት ሐይቅ ዳር የተከራየችው ቤት ትርፍ ክፍል አለው። ይሄን ተመካክረውበታል! ሂጂ አልኳት። ይህን ቤት ታቦር ተራራ ሥር ድንጋይ በድንጋይ የገነባሁት እኔ ነኝ። በማስፈራራት የሚገዛኝ የለም።

ደጅ ወጥታ ተመለሰች። ቅዳሜ ቁጭ ብለህ ስማ፤ ከሰማህ በኋላ ውጡ ካልክ እንወጣለን አለች። ወጥመድ ይሆናል። እሺ አልኩ።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ። 11 ሰ.

ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀመጥኩ። የማን ስም ይጠራል ብዬ ጆሮዬን ጥያለሁ። የማንም አልተጠራም።

ክርክሩ ስለ አስማቱ ነው፤ ለማን ይሰጥ። ሳምሶን ለቄሱ ብቻ ይላል፤ መፈወስ የቄስ ነው። ሐያት በጨዋታው ጠንቋይ ናት፤ ለኔም ይገባኛል ትላለች። ከጓደኛዋ አንሥታ ጠላት ላይ ትጥለዋለች። ምሕረት ተዋጊ ናት፣ ሰይፍ የያዘች፤ ለተዋጊ ስጡ፣ ራሴ ላይ እቀበላለሁ ትላለች። ሳምሶን እምቢ። ተዋጊ ቁስል ይችላል፤ የሁሉን ከተሸከመ የሚጎዳ ሰው ይጠፋል፣ ጨዋታው ይበላሻል።

ሳላስበው አፌ ቀደመኝ። ለጠንቋይዋ አይሰጥ አልኩ።

"አባባ፣ ምን በደልኩዎት?" አለች ሐያት።

"ዶሮዋን ማን ጠየቃት?" አልኩ።

ዞረው አዩኝ። ጭዳን ነገርኳቸው። ሌላው ላይ ጥሎ ለሚሄድ አይገባም። ዐውቆ፣ ፈቅዶ፣ በገዛ ገላው ለሚቀበል ይሰጥ። ሳምሶን፣ "ቄሱስ ቢቀበል?" አለ። ቄስ ብዙ ቤት ይገባል፣ የሁሉን ከተቀበለ ሳምንት አይቆይም አልኩት። ሐያት በሳቅ ሞተች። "አባባ፣ እኔ እኮ ዶሮም የለኝ" አለች። ሳምሶን ግን ጻፈ። ለተዋጊ ብቻ፤ በቀን አንዴ፤ ለሌላ ማሳለፍ ክልክል።

ቶሎ ተስማሙልኝ። ሽማግሌ ለማባበል ይሆን?

ከሄዱ በኋላ ምሕረት ኩባያ ስታነሣ፣ ዶሮዋ የተመለሰች ቀን እማዬ ያለችኝን ልንገርህ አለች። "ሕመሜ አባትሽ ላይ የሚያልፍ ቢሆን ኖሮ በሩን ራሱ ይከፍተው ነበር።"

ስድስት ዓመት ሙሉ ይዛው? ለምን ዛሬ? ሳሎኑ ለጨዋታው እንዲቀርላት ፈጥራው ይሆናል። አነጋገሩ ግን የአስቴር ነው። መሰለኝ።

ጥቅምት 16፣ እሑድ። ከአምልኮ በኋላ።

አቶ ጴጥሮስ በር ላይ ያዘኝ። ያ የጸሎት ቡድንህ፣ ሳቅ ይበዛዋል፤ እስላሟም ልጅ ትጸልያለች ወይ አለኝ። ዐውቆ ነው የሚጠይቀኝ። ጸሎት አይደለም፣ ዋሽቼሃለሁ አልኩት። ጨዋታ ነው፣ አስማት አለበት፣ በልጄና በጓደኞቿ፣ በኔ ሳሎን። ቀልቡ ተገፈፈ። ወይ ይሄ ይቁም ወይ ጉዳይህ ሽማግሌዎች ፊት ይቀርባል አለ።

ያቅርበው። ማክሰኞ ስብሰባ አለ። ቀድሜ እኔው እነግራቸዋለሁ። ምረጥ ካሉኝ ሽማግሌነቱን ይውሰዱት። ምሕረት እዚሁ ትቀመጣለች፣ ቅዳሜም በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ይጫወታሉ። ለሷ ገና አልነገርኳትም። ከሰማች የምትለውን ዐውቃለሁ፤ በሩን ራስህ ከፈትከው።