ከለላ የሌለው መብራት

ለልጄ፣

እንዴት ሰነበትሽ? የባልሽ ጉልበት ተሻለው? ልጆቹስ? ትንሿ ጥርስ አወጣች ብለሽኝ ነበር፤ መናከስ ከጀመረች በእኔ ወጥታለች ማለት ነው። እኔ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እራመዳለሁ፣ ከሰው ጋር እጣላለሁ። ወረቀት ያነሳሁት በስልክ ሲሆን አፌን ስለማታስከፍቺኝ ነው። ወረቀት ነገር አያቋርጥም። ጽሕፈቴ ቢጣመም ባልሽ እንዳይስቅ፤ የእኔ እጅ የለመደው የቆርቆሮ መቀስ ነው።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። መብራቴን አስነሺልኝ ያለሽ ማን ነው?

ባለፈው ሳምንት በር ላይ ቁጭ ብዬ ጸሐይ ስሞቅ የመብራት ክፍሉ መኪና መጥቶ ከቤቴ ፊት ያለው የመንገድ መብራት ምሰሶ ሥር ቆመ። አንድ ቴክኒሻን ወረደና አባባ እንኳን ደስ ያለዎት፣ ልጅዎ ቢሮ ድረስ መጥተው ስላመለከቱ እርስዎን አስቀድመናል አለኝ። ምን ብላ አመለከተች ብዬ ስጠይቀው፣ መብራቱ መኝታ ቤት እየገባ አባቴ እንቅልፍ አጥቷል ብላ ነው አለኝ። እንቅልፍ ማጣቴን የሰማሁት እንግዲህ ከመብራት ሠራተኛ ነው። እኔ ተኝቼ ሳንኮራፋ ጎረቤት ግድግዳ እንደሚደበድብ አጥተሽው ነው?

ተው ብለው አልሰማኝም። ትእዛዝ ነው ብሎ ምሰሶው ላይ ወጣ። ፋኖሱን እየፈታ ከላይ ሆኖ፣ አባባ የዚህኛው ከለላ የት ሄደ፣ የመንገዱ ሁሉ አለው፣ የእርስዎ ብቻ የለውም አለኝ። ነፋስ ወስዶት ይሆናል አልኩት። ነፋስ ብሎን አይፈታም ብሎ ሳቀብኝ።

ስለ ከለላው ታውቂ እንደሆነ እንጃ፤ ያን ጊዜ ገና ታዝለሽ ነበር። መጀመሪያ እኛ ፋብሪካ የሠራነው ፋኖስ ከላይ የተገለበጠ ጀልባ የመሰለ ቆብ፣ ከውስጥ መስታወት የመሰለ አንጸባራቂ፣ ከታች ሆዱ የተነፋ ብርጭቆ ነበረው። የሶዲየም አምፖሉ ሲበራ መጀመሪያ ቀላ ይልና ቀስ እያለ ቢጫ ይሆናል። ለመንገዱ ደግ ነበር። ችግሩ ብርሃኑ ወደ ቤትም ወደ መንገድም እኩል ይረጫል። እናትሽ በመስኮቱ በኩል ነበር የምትተኛው። ሰው እንዴት ብርቱካን ውስጥ ይተኛል እያለች ነዘነዘችኝ፣ ነዘነዘችኝ፣ በመጨረሻ አንድ ቁራጭ ቆርቆሮ ቆርጬ፣ ምሰሶው ላይ ወጥቼ በቤታችን በኩል ከለላ አድርጌ በብሎን ገጠምኩበት። የዚያን ቀን አመሻሽ ጥላው ልክ መስኮቱ ላይ አረፈ። እናትሽ ለጥ አለች።

የፋብሪካችን የንድፍ ክፍል ሰውዬ ሰምቶ የመንግሥት ንብረት ላይ ጣሳ የሰቀለው ማን ነው እያለ መጣ። እናትሽ ቀበል አድርጋ፣ ጌታው ይግቡና እዚች አልጋ ላይ ጋደም ብለው ይዩት አለችው። ሰውዬው ፊቱ ቲማቲም መሰለ። መጋደሙን አልተጋደመም፤ ግን በሩ ላይ ቆሞ ጥላውን ሲያይ ቆየ። የእኔ አቆራረጥ እንደ አይጥ ጥርስ ነበር፣ እሱ አጠፍ አድርጎ፣ ቅርጽ ሰጥቶ ነደፈው፤ እውነት ለመናገር ከእኔ አሳመረው። ከዚያ በኋላ የተሠራው ሁሉ ከለላ ያለው ሆነ። እናትሽ ገበያ ስንሄድ ቀና ብላ እያየች፣ ከተማው ሁሉ በእኔ እንቅልፍ የተነሳ ባርኔጣ ደፋ ትል ነበር። ለማታውቀው ሰው ሳይቀር ትናገር ነበር።

አሁን የሰቀሉት ነገር ጠፍጣፋ ነው፣ እንደ ትሪ። ቀስ ብሎ መሞቅ የለ፣ መቅላት የለ፣ ቦግ ይላል፣ በቃ። ነጭ ነው። ብርሃኑን ሰብስቦ አስፋልቱ ላይ ብቻ ይደፋዋል። ወደ ቤቴ አንዲት ክር አትገባም። ቴክኒሻኑ ይሄን እንደ ስጦታ ነገረኝ፤ ከእንግዲህ እንደ ሕፃን ይተኛሉ አለኝ። ከዚያች ቀን ወዲህ ቁጭ ብዬ ነው የማነጋው። ደስ ይበልሽ።

ክፉ አስበሽ እንዳልሆነ አውቃለሁ። መጥተሽ ስታድሪ አልጋው ላይ የሚያርፈውን ቢጫ አይተሽ አዘንሽልኝ። ወፍራም መጋረጃ ገዝተሽ በባልሽ ላክሽ፤ መለስኩት። ሌላ ላክሽ፤ እሱንም መለስኩት። ምስኪን ባልሽ መጋረጃ ተሸክሞ መመላለስ ሥራው ሆነ፤ ጉልበቱም ከዚያ ይሆናል የታመመው። ሁለቴ ሲመለስልሽ እንኳ አባቴ ለምን እንቢ አለ አትዪም? ግትር ነው ብለሽ ዘጋሽው። ግትርስ ነኝ። ግን ግትር ሰው ሁሉ ምክንያት የለውም ያለሽ ማን ነው?

ያ ፋኖስ ገና መጋዘን ነው ያለው፤ ቴክኒሻኑን ጠይቄያለሁ። ያስነሳሽው አንቺ ነሽና የምታስመልሺውም አንቺ ነሽ። ሄደሽ አባቴ ሐሳቡን ለወጠ በያቸው፤ አረጀ፣ ጃጀ ብትዪም ግድ የለኝም። ብቻ ከለላ እንግጠምለት ካሉሽ እንቢ በዪ። እንዳለ ይመልሱት። በዚያ ብርሃን ውስጥ ቀለም የሚባል ነገር የለም፤ የእናትሽ የቆየ ትራስም የትናንት ይመስላል።

ደግሞ አልጋ ሥር ስትጠርጊ በእናትሽ ሻሽ የተጠቀለለ ቆርቆሮ አግኝተሽ ይሄን ዝገት ልጣለው ብለሽ ነበር። አሁንም እንዳትነኪው። ከእናትሽ ቀብር በተመለስን ሰሞን መሰላል ተውሼ ስወጣ አይተሽ በዚህ ዕድሜህ ጣራ ልትጠግን ነው ወይ ብለሽ ጮኸሽብኝ። ጣራው አያፈስም ነበር፤ መሰላሉ ለምሰሶው ነው።

አንድ ነገር ብቻ ልንገርሽና ላብቃ። እኔ እኮ የምተኛው ዛሬም እንደ ድሮው በበሩ በኩል ነው። ብርሃኑ እኔ ጋ ደርሶ አያውቅም።

እንግዲህ ልጆችሽን ያሳድግልሽ፣ እጅሽ የነካው ሁሉ ይባረክ፣ የባልሽን ጉልበት ያጽናልሽ። ተቆጥቼ ነው እንጂ ተቀይሜ አይደለም። ቢሮው ጠዋት ነው የሚከፍተው፤ ሳትዘገዪ ሂጂ።

አባትሽ